የ200 ሺህ ሰው ግርግር ወይስ የ200 ሰው ቡና?

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። 27 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለቁጠባና ብድር ማኅበራት ሶፍትዌር የሚሠራ አንድ ድርጅት ውስጥ በፕሮግራመርነት አራት ዓመት ሠርቻለሁ። የምንጠቀመው ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋና በእሱ የተሠራውን ጃንጎ የሚባል የድረ ገጽ መሥሪያ ነው። ሰሞኑን አለቃዬ ‹አንድ የውጭ ኮንፈረንስ እንልክሻለን፣ ምረጪ› አለኝ። እሱ የሚወደው የዱባዩን ትልቅ የቴክኖሎጂ ትርዒት፣ ጃይቴክስን ነው። እኔ ደግሞ የጃንጎ ሰዎች የሚገናኙበትን ጃንጎኮን አፍሪካን የመሰሉ ትናንሽ ስብሰባዎችን አይቼ ነበር። ዛንዚባር ላይ ሲጀመር የመጣው ሰው 200 ገደማ ነው አሉ። ለጓደኞቼ ስነግራቸው ‹ለ200 ሰው ብለሽ ነው አገር የምታቋርጪው? ይሄማ የእድር ስብሰባ ነው› ብለው ሳቁብኝ። እውነቱን ለመናገር ወደ ዱባዩ አዘንብያለሁ። ስሙ ራሱ ሲቪ ላይ ያምራል። ደግሞ ሰው ፊት መናገር አልወድም፤ ትልቁ ላይ ቢያንስ ማንም ልብ አይለኝም። እርስዎ ምን ይላሉ? እስከ ዓርብ መልስ ስጪ ተብያለሁ።
ግራ የገባኝ፣ ከገርጂ»

ለግራ የገባሽ፣

«ጋሼ» ያልሽኝን ዋጥ አድርጌዋለሁ። ወደ ጉዳያችን እንግባ።

ደብዳቤሽን መጀመሪያ ሳነበው የሲቪ፣ የብርና የአለቃ ጉዳይ መሰለኝ። ሁለተኛ ሳነበው ግን ዓይኔ አንዲት አባባል ላይ ቀረ። «ትልቁ ላይ ቢያንስ ማንም ልብ አይለኝም።» እንደ ዋዛ ጣል አድርገሻት ነው ያለፍሽው። እኔን ከጠየቅሽኝ ዱባይን ያስመረጠችሽ እሷ ናት። መደበቂያ እየፈለግሽ ነው። ይሄን የማውቀው ሐኪም ሆኜ አይደለም፤ በሽታው እኔንም ስለያዘኝ ነው።

ከዓመታት በፊት መሥሪያ ቤቴ አውሮፓ አንድ ትልቅ ስብሰባ ላከኝ። ስሙን አልጠራም። በር ላይ ስሜ የተጻፈበት ካርድ አንገቴ ላይ አንጠለጠሉልኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ያንን ካርድ ያነበቡት በየመግቢያው የቆሙት ጥበቃዎች ብቻ ናቸው። ምሳ ብቻዬን በላሁ። ሦስቱንም ቀን። ስልኬን እየነካካሁ፣ ሥራ የበዛበት ሰው እየመሰልኩ። ስመለስ ሻንጣዬ ውስጥ አራት ቲሸርት፣ ዘጠኝ እስክሪብቶና የሆነ ኩባንያ ስም የታተመበት ጃንጥላ ነበር። ጃንጥላው እስካሁን አለ። ክረምት በገባ ቁጥር ያ ስብሰባ ትዝ ይለኛል፤ ከዚያ የተረፈኝ እሱ ነዋ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ናይሮቢ 80 ሰው የማይሞላበት ስብሰባ ሄድኩ። (ለእኛ ቪዛ የማይጠየቅበት አገር መሆኑም ረድቶኛል።) የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ትራፊኩ አስረፈደኝ። በሩን ስከፍት ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ላብ አጠመቀኝ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሻይ ሰዓት ላይ አንዱ መጣና «አንተ ነህ ያረፈድከው?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። «እኔ ትናንት አውሮፕላን አምልጦኛል» አለኝ። ጨዋታው በዚያው ቀጠለ። ይኸው ዛሬም ኮድ ሲያስቸግረኝ የምጽፍለት እሱ ነው። እሱም የሚጽፍልኝ እንደዚያው ሲቸግረው ነው እንጂ ለሰላምታ ብቻ ጽፎ አያውቅም፤ ግን ይሁን።

አሁን ስለ ጃይቴክስ። በክፋት እንዳላወራ እጠነቀቃለሁ። ከ1981 ጀምሮ ዱባይ ላይ የኖረ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራልሽ።) አዘጋጆቹ ከ200 ሺህ በላይ ጎብኚ ይመጣል ይላሉ። ስሙ ሲተነተን ራሱ «ኤግዚቢሽን» የሚል ቃል አለበት። በእኛ ቋንቋ ትልቅ ገበያ ነው። ገበያ ደግሞ አልንቅም። እናቴ መርካቶ የምትሄደው መንገዱን ከቤቷ ጨርሳ ነው። መጀመሪያ ሸማ ተራ የምታውቀው ሱቅ፣ ከዚያ ቅመም፣ ከዚያ ታክሲ። በሁለት ሰዓት ተመልሳ ወጥ ጥዳለች። እኔ ስሄድ ዞሬ ዞሬ ምን አለሽ ተራ እጠፋና ያላሰብኩትን መፍቻ ገዝቼ እመጣለሁ።

ጃይቴክስም እንደዚያው ነው። ከማን ጋር፣ ስንት ሰዓት፣ የትኛው አዳራሽ እንደምትገናኚ ሳትነሺ ቀጠሮ ከያዝሽ ወርቅ ነው። ሰርቨር የሚገዛ፣ የክፍያ ሥርዓት አቅራቢ የሚፈልግ፣ ሶፍትዌሩን ለገልፍ አገር ደንበኛ የሚሸጥ ሰው እዚያ በጥቂት ቀን የወራት ሥራ ይጨርሳል። አንቺ ግን ኮድ ጻፊ ነሽ። ቡዙ (የኩባንያው ማሳያ ቦታ) ላይ የቆመው ልጅ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚጠይቅሽ «ግዢ የምትወስኚው አንቺ ነሽ?» ብሎ ነው። አይደለሁም ካልሽው ፈገግታው እንዳለ ይቆይና ዓይኑ ከኋላሽ ወዳለው ሰውዬ ይሄዳል። እስከዚያ ግን ካርድሽን ስካን አድርጎታል። ከዚያ ዓመት ሙሉ ኢሜይል ነው።

«ንግግሮቹስ?» ትይኝ ይሆናል። የእኔ እህት፣ ንግግር ለመስማት ብለሽ አውሮፕላን አትሳፈሪ። የፓይኮን (የፓይተን ሰዎች ስብሰባ ነው) እና የጃንጎኮን ንግግሮች ዩቲዩብ ላይ በነፃ ተደርድረው አሉ። የሌሊት ፓኬጅ ገዝተሽ ገርጂ አልጋሽ ላይ ሆነሽ ታያቸዋለሽ፤ ሲያሰለቹሽ ታሳልፊያቸዋለሽ። ካሜራ የማይቀርጸው ሌላ ፕሮግራም ነው። ኮንፈረንስ የለመዱ ሰዎች «የኮሪደሩ ፕሮግራም» ይሉታል። (ኮሪደር ስል ልማቱን ማለቴ አይደለም።) በሁለት ንግግር መሀል፣ ቡና ወረፋ ላይ፣ ሶኬት ፍለጋ ግድግዳ ሥር ቁጭ ተብሎ የሚወራው ነው። «ያንን ነገር እኛም ሞክረነው ነበር፤ ተበላሸብን፤ ለምን መሰለህ?» የሚባለው እዚያ ነው። መድረክ ላይ የሚወጣው የተሳካው ብቻ ነው።

ይሄንን ቀድሞ ያስተዋለ አንድ አሜሪካዊ ነበር፣ ሃሪሰን ኦወን የሚባል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለአንድ ትልቅ ስብሰባ ዓመት ሙሉ ለፋ። ሲያልቅ ሰዎቹ የወደዱት የትኛውን ሆኖ ተገኘ? የቡና ሰዓቱን። ሰውዬው አልተቆጣም። ይልቅ «እንግዲያው ስብሰባውን በሙሉ የቡና ሰዓት ባደርገውስ?» ብሎ አሰበ። ቀድሞ ላይቤሪያ ገጠር ውስጥ ያየው የመንደር በዓል ትዝ አለው፤ ሰብሳቢ ኮሚቴ ሳይኖረው ሁሉ ነገር በቦታው የሚሄድ። በ1985 «ኦፕን ስፔስ» የሚባለውን ዘዴ ጀመረ። አጀንዳውን የሚያወጡት የመጡት ሰዎች ናቸው፤ ጠዋት ወረቀት ላይ ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፋሉ። አንድ ሕግ አለው፦ የማትማሪበት ወይም የማታዋጪበት ቦታ ላይ ከሆንሽ እግርሽን አንሥተሽ ወደ ሌላው ሂጂ። ማንም አይቀየምሽም። የእኛ የስብሰባ ባህል ውስጥ ይሄ ሕግ ቢገባ ስንቱ አዳራሽ ባዶውን በቀረ! ዛሬ ፓይኮን ላይም፣ በየአገሩ በሚደረጉት ዴቭኦፕስዴይስ የሚባሉ የሶፍትዌር ሰዎች ስብሰባዎች ላይም ይሄን የመሰለ ክፍለ ጊዜ አለ።

ትንሽ ስብሰባ ውስጥ ደግሞ ሌላ የምወደው ነገር አለ። ሰው ደፍሮ ይናገራል። ጃንጎን ስለምትሠሪ ይሄን ብታውቂ ደስ ይለኛል። የመጀመሪያው ጃንጎኮን በ2008 ካሊፎርኒያ፣ ጉግል ግቢ ውስጥ ተደረገ። ከተጋበዙት ዋና ተናጋሪዎች አንዱ ፍሊከር ከሚባለው የፎቶ ማጋሪያ ድረ ገጽ የመጣው ካል ሄንደርሰን ነበር። በኋላ ስላክ የሚባለውን የመሥሪያ ቤት መልእክት መላላኪያ ከመሠረቱት አንዱ ነው። መድረክ ላይ ወጥቶ የንግግሩን ርዕስ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ጃንጎን ለምን እንደምጠላ።» ጃንጎን የሠሩት ሰዎች ፊት! አዳራሹ ሳቀ፤ የተተቸውም ቁም ነገር ተሰማ። ስፖንሰር መድረኩን በገዛበት ትልቅ አዳራሽ ይሄን የመሰለ ነገር ስንት ጊዜ ትሰሚያለሽ?

ሲቪውን እንርሳው እንዴ? አንርሳው። ላስ ቬጋስ ላይ ኮምዴክስ የሚባል የኮምፒውተር ትርዒት ነበር። በ1979 በጥቂት ሺህ ሰው ጀመረና በ1990ዎቹ ከ200 ሺህ በላይ ሰው ይጎርፍበት ነበር። በዚያ ዘመን «ኮምዴክስ ሄጄ መጣሁ» ማለት ቀላል አልነበረም። የመጨረሻው በ2003 ተደረገ፤ ከዚያ በቃ። ዛሬ ለአንቺ እኩያ «ኮምዴክስ» ብለው የመድኃኒት ስም ይመስለዋል። በዚያ ላይ ቀጣሪ «ተሳትፋለች» የሚለውን መስመር ዓይቶ ያልፈዋል። «ንግግር አቅርባለች» የሚለው ላይ ነው ቆም የሚለው። 200 ሺህ ሰው መሀል መድረክ የሚሰጥሽ የለም። 200ው ጋ ግን ይለምኑሻል።

ለትልቁም ግን ልፍረድለት። በ2016 ባርሴሎና ላይ የተደረገው ትልቁ የማሽን ለርኒንግ (ኮምፒውተር ከመረጃ እንዲማር የማድረግ ሙያ) ጉባኤ ላይ አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ ነበረች። ከሺዎቹ ተሰብሳቢዎች መሀል ጥቁር ሰዎችን ስትቆጥር ስድስት ብቻ አገኘች። ምን አደረገች? ጉባኤውን ጥላ አልወጣችም። እሷና ሌላዋ የአዲስ አበባ ልጅ ረድኤት አበበ «ብላክ ኢን ኤአይ» የሚባለውን፣ በሙያው ያሉ ጥቁር ሰዎች የሚገናኙበትን ስብስብ መሠረቱ፤ በዓመቱ እዚያው ትልቁ ጉባኤ ውስጥ የራሳቸው ትንሽ ስብሰባ ኖራቸው። በ2018 ሞንትሪያል ላይ ሲሆን ከአፍሪካ ሊመጡ ከነበሩት ብዙዎቹ ቪዛ ተከለከሉ። አይሲኤልአር የሚባለው የዚሁ ሙያ ዓለም አቀፍ ጉባኤ የ2020ውን አዲስ አበባ ላይ ሊያደርግ የወሰነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ኮሮና መጣና ኢንተርኔት ላይ ቀረ። እኔ ሸሚዝ ገዝቼ ነበር።

እና አለቃሽ «ዱባይ ወይም ምንም» ካለሽ አታልቅሺ። ትልቅ ስብሰባ ውስጥ ገብተሽ ትንሹን ፈልጊ። ፕሮግራሙ ላይ ትልቁን አዳራሽ እለፊውና 30 ሰው የሚይዘውን ክፍል እዪ። ብራስልስ ላይ በየዓመቱ የሚደረገው የነፃ ሶፍትዌር ሰዎች ስብሰባ፣ ፎስደም፣ ሺዎች ይግተለተሉበታል። በነፃ ነው፤ ምዝገባም የለውም። ግን ለየርዕሱ የየራሱ ክፍል ስላለው ሰው ቤቱን ያገኛል። ዱባይ የሚሠሩ የአገራችን ልጆችም አሉ። ቀድመሽ አፈላልገሽ ለሁለት ሦስቱ ጻፊላቸው፤ ማታ ዴይራ ሰፈር እንጀራ ላይ የምትሰሚው ቀን አዳራሽ ውስጥ ከሰማሽው ሊበልጥ ይችላል።

ትንሹስ ጉድ የለበትም? ሞልቶታል። አዘጋጆቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ማይክ ይጠፋል፣ ምሳ ይዘገያል። አንድ አዳራሽ ብቻ ከሆነና ርዕሱ ካልጣመሽ መሄጃ የለሽም። ከሁሉ የሚከፋው ግን የድሮ ወዳጆች ክብ ሠርተው ጀርባቸውን ሲሰጡሽ ነው። ትልቁ ላይ ብቸኛ ስትሆኚ ጥፋቱን በሕዝቡ ብዛት ታሳብቢያለሽ። ትንሹ ላይ ብቸኛ መሆን ግን ያማል።

ለዚህ የሚሆን አንድ ዘዴ አለ። ኤሪክ ሆልሸር የሚባል፣ እሱም የጃንጎ ሰው፣ «የፓክማን ሕግ» ብሎ ያስተማረው ነው። ያቺን አፏን የምትከፍት ቢጫ ክብ የጌም ምስል ታውቂያት የለ? ቆማችሁ ስታወሩ ክቡን አትዝጉ፤ አንድ ሰው የሚገባበት ክፍተት ተዉ። ሰው ሲመጣ ደግሞ እንደገና ሌላ ክፍተት ክፈቱ። አንቺ እንግዳ ስለሆንሽ በተቃራኒው ተጠቀሚበት፤ ክፍተት ያለው ክብ ፈልጊና ግቢ። አራት ሰው ያለበት ቢሆን ደግሞ ግድ የለም። ሮቢን ደንባር የሚባለው እንግሊዛዊ ተመራማሪ ሰዎች በነፃነት ሲያወሩ አጥንቶ ጨዋታ ከአራት ሰው ሲያልፍ ለሁለት መሰንጠቅ እንደሚጀምር አሳይቷል። አምስተኛ ሆነሽ ስትገቢ አንዱ ወደ አንቺ ይዞራል ማለት ነው። ፕሮግራመር ነሽ፤ ሒሳቡ አይጠፋሽም።

እንግዲህ ውሳኔዬ ትንሹ ነው። ሰው ፊት መናገር ስለማትወጂ ነው ትንሹን ያልኩሽ። 200 ሺህ ሰው መሀል ዓይናፋር የሆነ ሰው እንደ ጉም ይጠፋል። 200 ሰው ያለበት ግን ሁለተኛው ቀን ላይ ፊትሽን ለምደውታል፤ ሦስተኛው ቀን ላይ «ያቺ የኢትዮጵያዋ ልጅ የት አለች?» ይላሉ። አንቺ ወደ ሰው ባትሄጂም ሰው ወደ አንቺ ይመጣል። ለዝምተኛ ሰው ከዚህ የተሻለ ነገር የለም።

ለአለቃሽ ከዓርብ በፊት አጭር ኢሜይል ጻፊለት። «ጃይቴክስ ለመግዛትና ለመሸጥ ጥሩ ነው፤ ደንበኛ ወይም አቅራቢ የምንፈልግ ከሆነ የሽያጭ ክፍሉን ሰው እንላክ። እኔ ከሄድኩ ግን እኛ የምንሠራበትን ነገር በየቀኑ የሚሠሩ ሰዎች ጋ ብሄድ ያቃተንን ሦስት ችግር ይዤ ሄጄ መልሱን ይዤ እመጣለሁ።» ሦስቱን ችግሮች ዘርዝሪለት። አለቃ ዝርዝር ይወዳል። ብሩ ከበዛበት ደግሞ ጃንጎኮን አፍሪካም ፓይኮን አፍሪካም ለተሳታፊ የጉዞ ድጋፍ የሰጡባቸው ጊዜያት አሉ። ማመልከቻው ከስብሰባው ብዙ ቀድሞ ነው የሚዘጋው፤ እንደኛ የመጨረሻዋን ቀን አትጠብቂ።

ከማመልከቻው ጋር የንግግር ሐሳብ አብረሽ ላኪ። አትደንግጪ። አምስት ደቂቃ ብቻ የሚፈጅ «ላይትኒንግ ቶክ» የሚባል አለ። ከመጀመርሽ ያልቃል። «ምን አለኝና?» እንዳትዪኝ። የብድር ሶፍትዌር ነው የምትሠሪው አይደል? ጳጉሜ ላይ የሚደርስ ክፍያ ስታስገቢ ምን ይሆናል? ፓይተን ወር ከ1 እስከ 12 መሆን አለበት ብሎ ይጮህብሻል። ጥቅምት ሁለተኛ ወራችን ስለሆነ ጥቅምት 30ን እንዳለ ብትከቺለት ደግሞ ሁለተኛ ወር (የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ መሆኑ ነው) 30 ቀን የለውም ይልሻል። ጃንጎ ተጠቃሚ ሲመዘግብ የቤተሰብ ስም የሚል ሳጥን አለው፤ እኛ እዚያ የአባታችንን ስም እየጻፍን ነው የኖርነው። ደንበኛው «ሦስት ሰዓት» ሲል ኮምፒውተሩ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት የሚገባው ነገርስ? አንቺ በዚህ ስትናደጂ አራት ዓመትሽ ነው። ለጋናዊው፣ ለታንዛኒያዊቷ፣ ለጀርመናዊው ግን አዲስ ነገር ነው። ጥያቄ ይዘው ተከታትለውሽ ነው ቡና ወረፋው ድረስ የሚመጡት።

ርዕስ ካጠረሽ እኔ አንድ አለኝ፦ «ጥቅምት 30 የሚባል ቀን አለ»።